ለመብራቱ ይበቃል

ኡላንባታር። ጥር። ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት፤
በሬን ሲከፍተው ቀድሞት የገባው ጉም ነው፣ ነጭ እንደ ወተት።
ከጉሙ ኋላ ዳሽዜቨግ፣ ቅንድቡ በረዶ ያበቀለ፤
ከበግ ቆዳ ካፖርቱ ሥር ጥቁር ሳጥን አውጥቶ፣ «አላውቅህም አለው» አለ።
«ማን?» «ኮምፒዩተሩ ነዋ። ትናንት የሚያውቀውን።»
እጁ ቸኮለ፤ ሊሰካው ሲል ያዝኩት ገመዱን።

«ይቆዩ፣ ይሙቅ። ከብርድ የገባ ብረት ያልበዋል፤
ላቡ ሳይደርቅ ኤሌክትሪክ ከቀመሰ፣ ያኔ በእርግጥ ይሞታል።»
ሁለት ሰዓት ጠበቅን፤ ሳጥኑ በመሃላችን ተቀምጦ፣
እንደ ታመመ ሕፃን በሹራቤ ተሸፋፍኖ፣ ተሸጉጦ።

«ምን አለበት?» አልኩት። «ነፋስ» አለኝ፣ ሳይስቅ።
«የሠላሳ አንድ ዓመት ነፋስ፤ ከጎቢ ጥግ፣ ከሰው ርቆ ከሚርቅ
የአየር ጣቢያ። በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌትም ቀንም፣ ወጥቼ
የጻፍኩት። ምራቴ አራት ክረምት ተየበችው፤
እኔ አነበብኩላት፣ መነጽሬን ወልውዬ፣ አስልቼ።»
«ደብተሮቹስ?» «ምድጃ በላቸው። ከገባ ወዲያ ወረቀት ምን ይሠራል?
ያን ሌሊት ከሰል አልቆብን ነበር፤ ወረቀት ደግሞ ቶሎ ይነዳል።»

ዝም አልኩ። በዚህ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዝምታ ነው የተማርኩት፤
«ሌላ ቅጂ አለዎት?» የሚባል ጥያቄ ጨው ነው፣ ቁስል ላይ የነሰነሱት።

ሰካሁት። ሰማያዊ መብራት ብልጭ አለ። «ነቃ!» ብሎ ተነሣ።
ስክሪኑ ግን እንደ ተቀየመ ሰው፣ አንድም ነገር አላነሣ።
በግራው ቀዳዳ፣ በቀኙ፤ አጥፍቼ፣ እንደገና አብርቼ፣
የዕቃዎቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ተመልክቼ፤
ማውሱ አለ፣ ኪቦርዱ አለ፣ አምና የሸጥኩት ፕሪንተር እንኳ ስሙ አለ፤
የሽማግሌው ሳጥን ብቻ ከጥሪው መዝገብ ተዘለለ።

ጆሮዬን አስጠጋሁ፦ ቀጭ ቀጭ አይልም፤ የሞት ድምፅ የለበትም፤
ለስላሳ ይሽከረከራል። በሕይወት አለ። ግን አይናገርም።
በሌላ ላፕቶፕ ሞከርኩ።
ያው።

መጀመሪያ ማየት የነበረብኝን መጨረሻ አየሁት፦ ገመዱን።
ብዙ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው፤ ጋራ ሲያስስ ይውላል፣ ረግጦ አልፎ መንገዱን።
«ይሄ ከየት መጣ?» «የልጅ ልጄ ነው፤ የግንባር መብራቱን የሚሞላበት።»
ውስጡ ሁለት ክር ብቻ፤ ኃይል ያልፍበታል እንጂ ለቃል መንገድ የለበት።
ያበላል፣ ያጠጣል፤ አያናግርም።
(እንዲህ ያለ ትዳር ነበረኝ። ስለ እሱ ዛሬ አላወራም።)

ገመዱን ቀየርኩ። ስክሪኑ ተነፈሰ፤ በትሕትና ጠየቀ ደግሞ፦
«ይህን ዲስክ ማንበብ አልቻልኩም፤ ላዘጋጀው ወይ አስቀድሞ?»
ጨዋ ሰው ነው፤ ለጨዋ ጥያቄ «አዎ» ሊል ጣቱን ሲሰድ
መታሁት። አባቴ በሚሆን ሰው ላይ እጄ ሲወርድ
የመጀመሪያዬ ነው። «ላዘጋጅ ማለቱ፣ ልጥረገው ማለቱ ነው፤
ነፋስዎን ወስዶ ባዶ ሜዳ ሊሰጥዎ ነው!»

ሌሊቱን እንዳለ ቀዳሁት፣ ምንም ሳላስተካክል፣ ወደ ሌላ ሳጥን፤
እሱ ወንበር ላይ አንቀላፋ። ግን በየሦስት ሰዓቱ፣ ያለ ደወል፣ ባነን
እያለ ይወጣል፤ ሰማዩን አይቶ፣ ፊቱን ለነፋስ ሰጥቶ
ይመለሳል፤ ይተኛል ደግሞ፣ የቆየ ሥራውን ሠርቶ።

ሲነጋ፣ ሠላሳው ዓመት ተመለሰ። አንዱ ክረምት የለም፤
ከብቱ እንደ ቆመ ያለቀበት ክረምት። ይቅርታ አልኩት። አልተከፋም።
«ጻፊ» አለኝ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። «የመጀመሪያው ሌሊት። ሰሜን ምዕራብ።
በሴኮንድ ሃያ ሁለት ሜትር...»
እስከ ቀትር ጻፍኩ።
ምን ያህሉ ትዝታ፣ ምን ያህሉ ኀዘን እንደ ነበር አልጠየቅኩም።

ሁለት ቅጂ ሰጠሁት፤ አንዱን ለምራቱ ቤት፣ ሌላውን ለራሱ።
ከፈለ። በሩ ጋ ደርሶ ግን ወደ ቆሻሻ ቅርጫቴ አዘነበለ ራሱ፤
የጣልኩትን ገመድ አነሣ፣ ጠቀለለው፣ ከኪሱ ከተተና፣
«ይሄ ምን አጠፋ?» አለ፤ «ለመብራቱ ይበቃልና።»